የስሕተት ጠባይ
(ስለ ጀልባና ስለ ሥፍራዋ የተደረገ ምልልስ)

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምልልስ የሚካሄደው በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ ከአናፖሊስ ከተማ በስተ ደቡብ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚወጣ ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ በታሰረች አንዲት የሞተር ጀልባ ላይ ነው። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በምጽዋ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተምረው በቀይ ባሕር ያገለገሉና አሁን በባዕድ አገር የሸመገሉ ኮማንደር፥ ሁለተኛውም ያገለገለች ጀልባ በቅርቡ የገዛ የእኅታቸው ልጅ ነው። ለነገሩ መነሻ የሆነው በመሪው አጠገብ የተተከለው ቻርት ፕሎተር፥ ይኸውም በጂፒኤስ የተገኘውን ሥፍራ በባሕር ካርታ ላይ ነጥቦ የሚያሳየው መሣሪያ፥ በውኃ ላይ ያለችውን ጀልባ በየብስ ላይ ማሳየቱ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፥ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ። እኛ ያለነው በውኃ ላይ ነው፤ ገመዳችንም በማቆሚያው ግንድ ላይ ታስሯል፤ ይህ መሣሪያ ግን ጀልባይቱን ከዳርቻው ወዲያ አሻግሮ ከዚያ ነጭ ቤት ጓሮ በሣር ላይ አስቀምጧታል። ዕቃውን የሚሸጡትን ሰዎች ብጠይቃቸው አንቴናው አርጅቷልና አዲስ ግዛ አሉኝ። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የእርስዎን ቃል ልስማ ብዬ ነው ያስቸገርሁዎ።

ኮማንደሩ፦ መልካም አደረግህ። ዳሩ ግን አንቴናው በድሏል ወይም አልበደለም ብለን ከመፍረዳችን አስቀድሞ፥ የስሕተቱ መጠን ምን ያህል ነው ከማለታችንም በፊት፥ ጠባዩ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል። ስሕተቱ በአንድ አቅጣጫ ረግቶ የሚቆም ነውን? ወይስ በእውነተኛው ሥፍራ ዙሪያ ሲባዝን የሚውል? ወይስ ጀልባይቱ ስትጓዝ እርሱ በግምት መንገድ ብቻውን የሚሄድ? ወይስ በድንገት ዘሎ ሌላ አገር የሚገኝ? ከእነዚህ እያንዳንዱ የየራሱ አባት አለውና፥ ጠባዩን ያላወቀ ሰው ዕቃ ሲለውጥ ዘመኑን ይጨርሳል።

ወጣቱ፦ ጠዋት ከመጣሁ ጀምሮ እያየሁት ነው፤ አይባዝንም። ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ መቶ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ሳምንትም ነዳጅ ልቀዳ ወደ ሌላው ማቆሚያ ሄጄ ሳለሁ ወደዚያው አቅጣጫ፥ በዚያው ልክ ነበር። የሚባዝነውስ የጀልባይቱ ምልክት አፍንጫ ነው፤ ቆመን ሳለን አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፥ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይዞራል።

ኮማንደሩ፦ የአፍንጫውን ነገር ተወው። ጂፒኤስ የሚያውቀው የት እንዳለህ እንጂ ፊትህን ወዴት እንዳዞርህ አይደለምና፥ ቆመህ ሳለህ በየሰከንዱ ከሚለዋወጡት ጥቂት ሜትሮች የጉዞ አቅጣጫ ላውጣ ሲል እንዲህ ይዞርበታል፤ ስትነሣ ይስተካከላል፤ ቆሞም እንዲያውቅ የፈለገ ሰው የኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ ያያይዝለታል። ዋናው የመጀመሪያው ቃልህ ነው፤ በሁለት ማቆሚያ፥ በሁለት ሳምንት፥ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ልክ የረጋ ስሕተት ከሰማይ የመጣ አይመስለኝም።

ወጣቱ፦ ሰማዩ ይህን ያህል የታመነ ነው ማለትዎ ነው?

ኮማንደሩ፦ የሚሳሳትበት መንገድ ሌላ ነው ማለቴ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን የሚዞሩ ሠላሳ ያህል ሳተላይቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም በአቶም ንዝረት የሚቆጥር ሰዓት ይዘው፥ በዚህ ቅጽበት በዚህ ሥፍራ ነበርሁ እያሉ ያለ ማቋረጥ ያውጃሉ። የአንተ መሣሪያ አዋጁ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት፥ ይኸውም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ አባዝቶ ርቀቱን ያወጣል። ለኬክሮስ፥ ለኬንትሮስና ለከፍታ ሦስት ርቀት በበቃ ነበር፤ ነገር ግን በጀልባህ ያለው ሰዓት ርካሽ ስለ ሆነ፥ ከሰማዩም ሰዓት በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ቢለይ ብቻ 300 ሜትር ስለሚያሳስት፥ አራተኛ ሳተላይት ተጨምሮ የሰዓቱ ጉድለት ራሱ እንደ አራተኛ ያልታወቀ ቁጥር ተሰልቶ ይገኛል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ እኛ በምጽዋ ሳለን በሴክስታንት ሦስት ከዋክብት ለክተን፥ መስመሮቹ በካርታው ላይ የሠሩት ሦስት ማዕዘን አንድ የባሕር ማይል፥ ይኸውም 1,852 ሜትር፥ የሚያህል ሲሆን ደስ ብሎን ቡና እንጠጣ ነበር።

ወጣቱ፦ ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ ባለበት ስሕተቱ ከየት ይገባል?

ኮማንደሩ፦ አዋጁ በላይኛው አየር፥ አዮኖስፌር በሚሉት ክፍል፥ ሲያልፍ ይዘገያል፤ ከብረት ጣራና ከጎረቤት መርከብ ምሰሶ ተንፀባርቆ በረዘመ መንገድ ይመጣል፤ ሳተላይቶቹም በአንድ የሰማይ ማዕዘን ተጠጋግተው ሲገኙ ርቀታቸው ትክክል ቢሆን እንኳ መስመሮቹ በሾለ ማዕዘን ስለሚቆራረጡ ሥፍራው ይደበዝዛል። ይሁን እንጂ ሳተላይቶቹ ከሰዓት ሰዓት ስለሚዘዋወሩ እነዚህም ስሕተቶች አብረዋቸው ይለዋወጣሉ፤ ጠዋት ወደ ሰሜን የሳበህ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ይስብሃል። ሳምንት ሙሉ ወደ አንድ ጓሮ የሚያስገባ የአየር ስሕተት ግን አላየሁም።

ወጣቱ፦ የጂፒኤስ ስሕተት መቶ ሜትር ይደርሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔም ይህ ያው ይሆናል ብዬ ነበር።

ኮማንደሩ፦ ያ ያለፈ ዘመን ነገር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ ብቻ ትክክለኛውን ሥፍራ ለማስቀረት ሲል ለሕዝቡ በሚሰጠው አዋጅ ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ያስገባ ነበር፤ ይህም እስከ መቶ ሜትር ያደርስ የነበረው በግንቦት 2 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በተገለጠ ሰማይ ሥር ተራ መሣሪያ አምስት ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ በዚህ አገር ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋስ የሚባለው ሥርዓት በምድር ጣቢያዎች የአየሩን መዘግየት እየለካ በሌሎች ሳተላይቶች በኩል እርማቱን ስለሚልክ ከዚያም ያነሰ ነው። አሮጌው ምክር ግን በየማቆሚያው እስከ ዛሬ ይነገራል። ለመሆኑ መሣሪያው ስለ ሳተላይቶቹ የሚናገርበትን ገጽ ክፈትና ያለውን አንብብልኝ።

ወጣቱ፦ አሥራ አንድ ሳተላይት ይላል። ኤችዶፕ የሚለው ደግሞ 0.9 ነው።

ኮማንደሩ፦ ኤችዶፕ የሳተላይቶቹን አቀማመጥ ደግነት የሚናገር ቁጥር ነው፤ ወደ አንድ ሲቀርብ መልካም፥ ከአራትና ከአምስት ሲያልፍ የሚያሳስብ ነው። እንግዲህ አንቴናህ ሰማዩን በሚገባ ያያል። ባያይ ኖሮ መጀመሪያ የምመለከተው ተራውን ነገር ነበር፤ ከላዩ የተዘረጋ ብረት አለን? ራዳሩ ከአጠገቡ ሆኖ በፊቱ ያልፋልን? ማገናኛው በጨው ዝጓልን? ሽቦውስ በበር ተቆንጥጧልን? ጥፋቱም በራስህ ጀልባ ላይ ላይሆን ይችላል። በ2001 እ.ኤ.አ. በካሊፎርንያ በሞስ ላንዲንግ ወደብ ጂፒኤስ ለወራት ታወከ፤ ብዙ ፍለጋ ከተደረገ በኋላ አዋኪዎቹ በማቆሚያው በታሰሩ ጀልባዎች ላይ የተተከሉ፥ ማጉያ ያላቸው የቴሌቪዥን አንቴናዎች ሆነው ተገኙ። አንድ ሰው ጨዋታ ሊያይ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የወደቡ መርከብ ሁሉ ሥፍራውን ያጣ ነበር ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ያስቃል።

ኮማንደሩ፦ እርሱስ ያስቃል፤ ብልሽቱ ይታይ ስለ ነበር ማንንም አላሳተምና። የሚያስፈራኝ ብልሽቱን ሸሽጎ ሥፍራውን መናገር የሚቀጥል መሣሪያ ነው። ሮያል ማጀስቲ የምትባል የመንገደኞች መርከብ በሰኔ ወር 1995 እ.ኤ.አ. ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትጓዝ፥ ከወደብ ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ሳይሞላት የጂፒኤስ አንቴናው ሽቦ ከመጋጠሚያው ወለቀ። መሣሪያው ዝም አላለም፤ ከሳተላይት የሚያገኘው ቃል ሲቋረጥበት፥ በኮምፓሱና በፍጥነት መለኪያው ብቻ እየገመተ፥ ነፋስና ሞገድ መርከቢቱን ወዴት እንደሚገፏት ሳያውቅ፥ ቁጥሩን እስከ ትንሹ ክፍልፋይ ድረስ አሳምሮ መጻፉን ቀጠለ። ማስጠንቀቂያው የአንድ ሰከንድ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረው በመስኮቱ ጥግ የተጻፉ ጥቃቅን ፊደላት ብቻ ናቸው፤ መርከቢቱን የሚመራው አውቶማቲክ መሪም ያን ግምት እንደ እውነት ተቀብሎ መራት። በሠላሳ አራት ሰዓት ውስጥ 17 ማይል ከመንገዷ ወጥታ፥ ከሺህ አምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን እንደ ያዘች፥ ከናንተኬት ደሴት በስተ ምሥራቅ ባለው የአሸዋ ደለል ላይ ተቀመጠች። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም።

ወጣቱ፦ ሠላሳ አራት ሰዓት ሙሉ በሌላ መሣሪያ ያመሳከረ ሰው አልነበረም?

ኮማንደሩ፦ ሌላ መሣሪያማ በክፍሉ ውስጥ ነበረ። ሎራን የሚባለው የሬዲዮ ሥርዓት ትክክለኛውን ሥፍራ እያሳየ በዚያው ክፍል ተቀምጦ ነበር፤ የጥልቀት መለኪያም ነበራቸው። አንድ ተንሳፋፊ ምልክት በራዳር በታየ ጊዜም፥ የመግቢያውን ምልክት ይጠብቁ በነበረበት ሰዓት የታየ ነገር በመሆኑ ብቻ፥ ያን ሌላ ምልክት የእኛ ነው ብለው ተቀበሉት። እኔ ስለዚህ አደጋ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ቁጥሩ የጠራ ሲሆን ሰው መስኮት ከፍቶ ማየትን ይተዋል። አንተም ይህን መሣሪያ ከማመንህ በፊት፥ ሥፍራው የመጣው ከሳተላይት ነው ወይስ ከግምት የሚለው በገጹ የት እንደሚጻፍ እወቅ፤ በሱቅ ሲታይ ለትርኢት የሚሠራበት የማስመሰያ ሁኔታም አለውና፥ በስሕተት ያ ተከፍቶ ቀርቶ እንደ ሆነም ተመልከት። አንዳንዱ ጀልባ ደግሞ ሁለት አንቴና፥ አንዱ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ፥ ሌላው በጣራው ላይ፥ ስላለው ባለቤቱ ጣራውን ሲያጸዳ መሣሪያው የሚሰማው ከሆዱ ውስጥ ያለውን ሊሆን ይችላል።

ወጣቱ፦ የኔ አንድ ብቻ ነው፤ ገጹም ከሳተላይት ይላል። ስለ መዝለል ያሉት ደግሞ ምንድን ነው?

ኮማንደሩ፦ እርሱ የሰው ክፋት ነው። በሰኔ ወር 2017 እ.ኤ.አ. በጥቁር ባሕር በኖቮሮሲስክ ወደብ አቅራቢያ የነበሩ ከሃያ የሚበልጡ መርከቦች መሣሪያዎቻቸው ሁሉ በአንድነት በየብስ ላይ፥ በጌሌንጂክ አውሮፕላን ማረፊያ አሳዩአቸው፤ ሐሰተኛ አዋጅ ከምድር ተልኮ የሰማዩን አዋጅ ሸፍኖት ነበር ማለት ነው። በግንቦት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤም ኤስ ሲ አንቶንያ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ በእኛው በቀይ ባሕር በጅዳ አጠገብ መሬት ስትነካ የጂፒኤስ መታወክ ነው የተጠረጠረው። የአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ትቶት የነበረውን በከዋክብት የመምራት ትምህርት በ2015 እ.ኤ.አ. መልሶ የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለዚህች ወሽመጥ ግን ማንም እንዲህ የሚደክም አይመስለኝም፤ የአንተም ጀልባ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ወደ ጓሮ ነው የገባችው።

ወጣቱ፦ መሣሪያው ያረጀ ስለ ሆነ ቀኑንም ሳይስት አይቀርም፤ ከአሥር ዓመት በላይ የኋሊት ይቆጥራል።

ኮማንደሩ፦ እርሱ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው የሚገባ ነገር ነው። አባቶቻችን በንዑስ ቀመር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲቆጥሩ የጨረቃ መባቻ ወደ መጀመሪያው እንደሚመለስ፥ ጂፒኤስም ሳምንታትን በአሥር ቢት ብቻ ስለሚጽፍ 1,024 ሳምንት፥ ይኸውም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኩል በጥቂት የሚበልጥ፥ ከቆጠረ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በነሐሴ 1999 እና በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ተመልሷል። ስንተኛው ዙር እንደ ሆነም መሣሪያው የሠራው ሰው ካላስተማረው በስተቀር አያውቅም። ቀኑ ቢሳሳት የማዕበሉን ሰንጠረዥ ያበላሽብሃል እንጂ ሥፍራህን መቶ ሜትር አያዛውርም፤ ስለዚህ ይህንንም እንለፈው።

ወጣቱ፦ ሰማዩ ንጹሕ፥ አንቴናው ንጹሕ፥ ሽቦው ንጹሕ ከሆነ እንግዲህ የቀረው ካርታው ነው።

ኮማንደሩ፦ ወደ ነገሩ ቀረብህ። በዚህ መስተዋት ላይ የምታየው አንድ ሥዕል ሳይሆን ሁለት ሥዕል ነው፤ ነጥቡ ዛሬ ከሰማይ የወረደ፥ ዳርቻው ግን ከስንት ዓመት በፊት በሰው እጅ የተሣለ። ሰዎች ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሁልጊዜ ነጥቡን ይከሳሉ። የቀይ ባሕርን የመጀመሪያ ሰፊ ልኬት ከ1829 እስከ 1834 እ.ኤ.አ. ኤልዎንና ሞርስቢ የተባሉ የእንግሊዝ መኮንኖች በቤናሬስና በፓሊኑረስ መርከቦች አደረጉት፤ ኬንትሮስን በመርከብ ሰዓት፥ ኬክሮስን በፀሐይ እየለኩ፥ ጥልቀቱንም በገመድ በተንጠለጠለ እርሳስ እየመረመሩ። ለዚያ ጊዜ የሚያስመሰግን ድንቅ ሥራ ነበር። የዚያ ዓይነት አሮጌ ልኬት በዘመናዊ መስተዋት ላይ ቀለም ተቀብቶ ቢቀርብ ግን አይታደስም፤ ከስሕተቱ ጋር ሆኖ ያበራል እንጂ።

ወጣቱ፦ ካርታ አንድን ደሴት እስከዚህ አዛውሮ ሊያሳይ ይችላል?

ኮማንደሩ፦ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋርዲያን የተባለችውን ፈንጂ ጠራጊ መርከቡን በጥር ወር 2013 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ በቱባታሃ የኮራል ሪፍ ላይ ያጣት የኮምፒውተሩ ካርታ ሪፉን ስምንት የባሕር ማይል ያህል አዛውሮ ባሳየ ጊዜ ነው፤ መርከቢቱም በሥፍራዋ ተቈራርጣ ተነሣች። ቬስታስ ዊንድ የተባለችው የውድድር ሸራ ጀልባ ደግሞ በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. በሕንድ ውቅያኖስ በካርጋዶስ ካራሆስ ሪፍ ላይ ስትወጣ ጂፒኤሱም ካርታውም አልተሳሳቱም ነበር፤ መርከበኞቹ ሥዕሉን አርቀው በተመለከቱበት መጠን ሪፉ ጎልቶ ስላልታየ ነው። ካርታን ከሩቅ ማየት እንዲህ ይሸሽጋል፤ ከመጠን በላይ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ውሸት ይፈጥራል፤ በ1:80,000 የተሣለ ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የብዕር መስመር በምድር ላይ 40 ሜትር ነውና፥ አንተ አቅርበህ አቅርበህ ማቆሚያህን ብትፈልግበት የሠዓሊው እጅ መንቀጥቀጥ የዳርቻ ቅርጽ መስሎ ይታይሃል። ልኬቱ ምን ያህል እንደሚታመን በካርታው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ኤ አንድ የተባለው ደረጃ በአምስት ሜትር፥ ቢ በሃምሳ፥ ሲ በአምስት መቶ ሜትር ውስጥ ትክክል ነው። ደረጃው ሲ በሆነ ካርታ ላይ በአምስት ሜትር ጂፒኤስ ዐለት መዞር ድፍረት ሳይሆን አለማወቅ ነው።

ወጣቱ፦ ስለ ዳተም የሚሉትስ? የቀድሞው ባለቤት መጽሐፍ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ አልገባኝም።

ኮማንደሩ፦ ዳተም ልኬቱ የሚነሣበት መሠረት ነው። ከሳተላይት በፊት እያንዳንዱ አገር የምድርን ቅርጽ በየራሱ ስሌት ወስኖ፥ አንድ መነሻ ነጥብ መርጦ፥ ከዚያ ጀምሮ ይለካ ነበር። ይህ አገር በ1927 እ.ኤ.አ. የመሠረተውን ልኬት ያስነሣው ከካንሳስ እርሻ ነው፤ የጣና ሐይቅን የሚያሳዩት የቆዩ የአገራችን የ1:50,000 ካርታዎችም አዲንዳን በሚባለው መሠረት የተሠሩ ናቸውና፥ ጂፒኤስ ከሚናገርበት ደብሊው ጂ ኤስ 84 ጋር ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። በጣና ላይ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ከአሮጌው ካርታ የወሰደውን ቁጥር ወደ ስልኩ ሳያስተካክል ቢያስገባ ገዳሙ በውኃ ውስጥ፥ ወደቡም በጫካ ውስጥ ሊታየው ይችላል፤ ምክንያቱም ይኸው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሕተቱ የረጋ፥ በአንድ አቅጣጫ የሚገፋ ነው፤ ልክ እንደ አንተ።

ወጣቱ፦ እንግዲያውስ አገኘነው!

ኮማንደሩ፦ አትቸኩል። የዚህ ባሕረ ሰላጤ አሮጌና አዲስ መሠረት ልዩነቱ ጥቂት አሥር ሜትር ነው፤ መቶ አይሞላም። የካርታ ካርዱንስ መቼ ገዛኸው?

ወጣቱ፦ በዚህ በልግ። አዲስ ነው።

ኮማንደሩ፦ አዲስ ከሆነ የተሠራው ከመንግሥት ልኬት፥ የ1983 እ.ኤ.አ. በሚባለው አዲሱ መሠረት ነው፤ እርሱም ለእኛ ጉዳይ ከደብሊው ጂ ኤስ 84 ጋር አንድ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። እንግዲህ ካርታውም በከንቱ ተከሰሰ። አሁን እንዲህ አድርግ፤ ስልክህን ከአንቴናው አጠገብ አስቀምጥና የሚሰጠውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ጻፍ፤ ከመሣሪያው የሳተላይት ገጽ የሚነበበውንም ከጎኑ ጻፍ፤ ቀጥሎም በካርታው ላይ ጠቋሚውን በጀልባይቱ ምልክት አናት ላይ አድርገህ የሚሰጥህን ሦስተኛ ቁጥር ጻፍ። ስትጽፍ ግን አጻጻፉን አስተውል፤ አንዱ በዲግሪና በደቂቃ ክፍልፋይ፥ ሌላው በዲግሪ፥ በደቂቃና በሰከንድ ሊጽፍ ይችላል። 53 ደቂቃ ከ56 ሰከንድን 53.56 ደቂቃ ብሎ ያነበበ ሰው፥ ትክክለኛው 53.93 ነበርና፥ ወደ ሰባት መቶ ሜትር የሚጠጋ ስሕተት በገዛ እጁ ፈጥሮ ሳተላይትን ይረግማል።

ወጣቱ፦ ሦስቱንም በደቂቃ ክፍልፋይ አድርጌአለሁ። ስልኩና የሳተላይቱ ገጽ በኬክሮስ የሚለያዩት በደቂቃ አንድ ሺሕኛ ብቻ ነው።

ኮማንደሩ፦ ሁለት ሜትር አይሞላም ማለት ነው። ሦስተኛውስ?

ወጣቱ፦ እርሱ ይለያል! ወደ ሰሜን 0.040 ደቂቃ፥ ወደ ምዕራብ ደግሞ 0.050 ደቂቃ።

ኮማንደሩ፦ እስቲ እናስላው። የኬክሮስ ደቂቃ 1,852 ሜትር ስለ ሆነ የመጀመሪያው 74 ሜትር ይሆናል፤ የኬንትሮስ ደቂቃ ግን ወደ ዋልታ በተጠጋን ቁጥር ስለሚያጥር በዚህ ኬክሮስ 1,440 ሜትር ገደማ ነውና ሁለተኛው 72 ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ሲጣመሩ መቶ ሦስት ሜትር፥ ወደ ሰሜን ምዕራብ። የነጩ ቤት ጓሮ ይኸውልህ። አሁን ነገሩ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ሥፍራውን ከሰማይ በትክክል ይቀበላል፤ ካርታውም በትክክል ተሥሏል፤ ነገር ግን የተቀበለውን ወደ ካርታው ከማድረሱ በፊት በመካከል ራሱ ያዛውረዋል። ጠቋሚው ከሳተላይቱ ገጽ ጋር ተስማምቶ ጀልባይቱ በሣር ላይ ብትታይ ኖሮ ጥፋቱ የካርታው ነበር፤ ሁለቱ ከተለያዩ ግን አንድ ሰው መሣሪያውን እንዲህ አድርግ ብሎ አዝዞታል። የማስተካከያውን ዝርዝር ክፈትና የሥፍራ ማካካሻ የሚል ነገር ፈልግ።

ወጣቱ፦ አለ፤ ከካርታው ማስተካከያ በታች። ሰሜን 0.040፥ ምዕራብ 0.050 ተጽፎበታል። ይህን ማን አስገባው? እኔ ነክቼው አላውቅም።

ኮማንደሩ፦ ካንተ በፊት የነበረው ሰው ይሆናላ። በመሳቢያው ውስጥ ያየሁት አሮጌ ካርድ የምን ነው?

ወጣቱ፦ የባሐማስ ደሴቶች ካርታ ነው። ወደዚያ ይሄድ እንደ ነበር ሲሸጥልኝ ነግሮኛል።

ኮማንደሩ፦ እንግዲያው ያደረገው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በዚያ አሮጌ ካርታ ላይ አንድ ወደብ ሲገባ ጀልባው ከመግቢያው ጎን ስትታይበት፥ ካርታውን መለወጥ ስላልቻለ ነጥቡን ለካርታው እንዲገዛ አደረገው። ለዚያ ወደብ፥ ለዚያ ካርታ፥ ለዚያን ቀን ብልሃት ነበር፤ በእውነቱም አልነቅፈውም፤ መሣሪያውን የሠሩትም ሰዎች ይህን ቦታ ያበጁት ለዚሁ ነው። የምነቅፈው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የካርታ ስሕተት ከገጽ ገጽ፥ ከደሴት ደሴት የተለያየ ሲሆን አንዱን ማካካሻ ለዓለም ሁሉ ማድረጉን፤ ሁለተኛም ሲመለስ አለማጥፋቱንና በየትም አለመጻፉን። አሁን አንተ ቀጥተኛ ካርታ ገዝተህ ለጠማማ ካርታ የተሰጠውን እርማት ወረስህ። ቼሳፒክ ጥልቀቱ በአማካይ ስድስት ሜትር ተኩል የማይሞላ፥ ሰርጡም በየወንዙ አፍ የሚጠብ ውኃ ነውና፥ መቶ ሜትር እዚህ በሰርጥና በጭቃ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ወጣቱ፦ ሁለቱንም ዜሮ አደረግኋቸው። ምልክቷ ወደ ማቆሚያው ተመልሳ በውኃው ላይ ሆነች። እንግዲህ ጨረስን?

ኮማንደሩ፦ እዚህ ጨረስን እንጂ በባሕሩ አልጨረስንም። አንድ ማቆሚያ ላይ የተስማማ መሣሪያ በሌላውም ይስማማል ማለት አይደለም፤ የቀድሞውን ሰው ያሳተው ይኸው ነው። ነገ ጭጋግ ከሌለ ወደ ቶማስ ፖይንት የመብራት ማማ ሂድ፤ ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብረት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ከሥፍራው ያልተንቀሳቀሰ ነው። በተንሳፋፊ ምልክት አትፈትን፤ እርሱ በሰንሰለቱ ርዝመት ልክ ከማዕበሉና ከነፋሱ ጋር ስለሚዞር አንተም እርሱም ስትዞሩ ማን እንደ ተሳሳተ አይታወቅም። በማማው በምሥራቅም፥ በደቡብም በኩል ራቅ ብለህ ስታልፍ ዓይንህና መስተዋቱ ይስማሙ እንደ ሆነ ተመልከት፤ ራዳርም ስላለህ የማማውን ርቀት በራዳርና በካርታው ለክተህ አስተያይ፤ የጥልቀት መለኪያውንም ሰርጡ ሲወርድና ደለሉ ሲወጣ ከካርታው ቁጥር ጋር አመሳክር። ሦስቱ ከተስማሙ ያን ጊዜ እመነው፤ ያም ሆኖ ከመስኮቱ ውጭ ማየትህን አትተው።

ወጣቱ፦ አሮጌውን ካርድ ልጣለው?

ኮማንደሩ፦ ጣለው፤ ወደ ባሐማስ ከሄድህም አዲስ ልኬት ያለበትን ግዛ። ከመጣልህ በፊት ግን የመርከብ መዝገብህን አምጣ፤ መዝገብ ከሌለህ ተራ ደብተር ይበቃል። የዛሬውን ቀን፥ ያገኘናቸውን ሁለቱን ቁጥሮች፥ ዜሮ ያደረግኻቸው አንተ መሆንህን፥ በየትኛው ካርታ እንደ ፈተንኸውም ጻፍበትና ከመሪው ሥር አስቀምጠው። ይህችን ጀልባ ከአንተ በኋላ የሚገዛት ሰው አለ፤ እርሱም አንቴና ከመግዛቱ በፊት ያንብበው።